ውሃ፣ መብራት፣ ኮከብ

የሻሽወርቅ ባደገችበት የደሃና ወረዳ መንደር የሚነገረው ቋንቋ ኽምጣና ነበር፤ አማርኛን የለመደችው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። አምደወርቅ ትምህርት ቤት በገባች በሳምንቷ መምህሩን «አንተ፣ ና እየው!» ብላ ብትጠራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቃል ከአፏ ሳታወጣ ሦስት ጊዜ ታገላብጠው ጀመር።

ማገላበጡ ኋላ ፍቅር ሆነባት። ሰቆጣ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስትቀጠር፣ በወልድያ አውቶቡስ የሚመጣውን የሰነበተ ጋዜጣ ከኋላ ገጹ ነበር የምትጀምረው፤ ቁልቁልና አግድም ከሚሞላው የቃላት ጨዋታ። ዜናውን የፈለገ ያንብበው።

በ2001 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ሲገባለት፣ የሥራ ባልደረባዋ ብርሃን እንደ እሷ ያሉ ሰዎች የሚጫወቱበትን ገጽ አገኘላት። አንዱ ሦስት ቃል ይጥላል፤ ሌሎቹ ከሦስቱም ጋር የሚሄደውን አንድ ቃል ይፈልጋሉ። ቀድሞ ያገኘ ቀጣዩን ይጠይቃል። የሻሽወርቅ ወር ሙሉ ዳር ሆና ስታይ ከረመች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገጹ እየተንቀራፈፈ ሲከፈት «ጠቢ፣ ደግፍ፣ ግንድ» የሚል አየች። እጇ ቀደማትና «ጆሮ» ብላ ጻፈች።

«ጎሽ! እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው» አሏት ጋሽ ሙሉሰው። ደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በጨዋታው የሚደርስባቸው የለም።

ምን ይዋጣት! ያ የክፍል ሳቅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ከቤቷ ልትወጣ ስትል የውሃ ቢሮው ሠራተኛ በሩን አንኳኳ።

«ቆጣሪያችሁ በየት በኩል ነው?»

የሻሽወርቅ መልስ በመስጠት ፈንታ ሳቀች። «ቆጣሪ! ተባረክ ወንድሜ!» ብላው እየሮጠች ወደ ሥራዋ ሄደች። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ቀረ።

«ውሃ፣ መብራት፣ ኮከብ» ብላ ጻፈች።

አንዱ «ሰማይ» አለ፤ ሌላዋ «ብርሃን» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ የሚደፍረው ጠፋ። ረቡዕ ጋሽ ሙሉሰው ብቅ አሉ። «ቆጣሪ! ምን ነክቶኝ ነው እስካሁን! ለመሆኑ አማርኛ የምታስተምሪው የት ነው?»

ጥቂት አመነታች። ከዚያ፣ «አላስተምርም ጋሼ፤ ሰቆጣ ጸሐፊ ነኝ። አፌን የፈታሁትም በኽምጣና ነው» ብላ ላከችላቸው።

«እንግዲያው እባክሽ በኽምጣና እንዳትጀምሪብን፤ በአማርኛውም አልቻልንሽም!»

ከት ብላ ስትስቅ ብርሃን ምን ተገኘ ብሎ ከጎረቤት ቢሮ መጣ።

በዓመቱ ሦስት ሦስት ቃል በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመረች። ባለጉዳዮች ወረፋ እየጠበቁ ይከራከሩበታል። አንድ ቀን «እንጀራ፣ ክርስትና፣ ጡት» የሚለውን ከጋዝጊብላ የመጡ አንድ ሽማግሌ አስነብበው «እናት!» አሏት።

«የእኔስ መልስ ‹ልጅ› ነበር፤ የእርስዎም ግን ልክ ነው» አለቻቸው።

«ልጅማ ያለ እናት ከየት ይመጣል?» ብለው፣ እንዳሸነፈ ሰው በትራቸውን ተደግፈው ወረፋቸውን ያዙ።