ኩባ፣ ዶሚኒካንና መርሳ በአንድ ሜዳ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡20፣ ወልድያ

ከተማዋ ገና አልነቃችም። መናኸሪያው ውስጥ ግን ረዳቶቹ ጉሮሯቸው እስኪነቃ "መርሳ! ውርጌሳ!" ይላሉ። ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተጠቀጠቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ የምሄደው ልስቅ ነው። ኳስ በእግር ብቻ የሚመታ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። መርሳ ላይ ቤዝቦል ይጫወታሉ፣ ያውም የላቲን አሜሪካ ተጫዋቾችን የሚያከብሩበት ቀን አላቸው ሲሉኝ፣ "ይኼንስ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" ብዬ ነው የተነሳሁት።

ከፊቴ ያሉት የመርሳ የዛሬ ተጋጣሚዎች ናቸው፤ የወልድያ ተማሪዎች። አምበላቸው ዳዊት ዞር አለና፣ "መርሳ አንድም ቀን አሸንፋን አታውቅም" አለኝ። ወልድዬ ነኝና ደስ አለኝ።

1፡30፣ መርሳ

ሙቀቱ ከወዲሁ ጀምሯል። መንገድ ዳር ፓፓያው በሸራ ላይ ተደርድሯል። ተማሪዎቹ የኳስ መምቻ ዱላቸውን ተሸክመው በእግር ሲሄዱ እኔ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ አሕመድ ይባላል፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከቲሸርቱ ጀርባ በቀለም "ዶሚኒካን" ተብሎ ተጽፏል።

"ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ! እኔ ደሴንም ያየኋት ሁለቴ ነው" ብሎ ሳቀ። "ግን የዚያ አገር ተጫዋቾች ወላሂ ወንድሞቼ ናቸው። ዛሬ ስለነሱ የማወራው እኔ ነኝ። ቆዩ፣ ይሰማሉ።"

3፡00፣ ሜዳው

አሠልጣኙ ጋሽ ሰይድ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ለትምህርት ኩባ ከተላኩት አንዱ ናቸው። እርሻ ተምረው ተመለሱ፤ ጨዋታውንም ይዘው መጡ። ዱላው በአናጺ የተጠረበ ወይራ ነው፣ ጓንቱን ጫማ ሰፊ ሰፍቶታል፣ ማረፊያዎቹ ገለባ የተጠቀጠቀባቸው የማዳበሪያ ጆንያዎች ናቸው። የተወረወረለትን ኳስ መትቶ፣ ጆንያዎቹን ዞሮ የተነሳበት የተመለሰ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሳይደርስ ኳስ በያዘ እጅ ከተነካ፣ እንደ ልጅነት ጨዋታችን፣ ተቃጥሏል።

"ጨዋታውን እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ የዚያ አገር ሰዎች ናቸው" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "ሳናመሰግናቸው ዱላ አናነሳም።" ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጉልበቴ አልቋል፣ ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው። ወልድያን አንዴ ባሸንፍ ይበቃኝ ነበር።"

ተጫዋቾቹ ተሰለፉ። ኩባ፣ ሜክሲኮ፣ ቬንዙዌላ፣ ፖርቶ ሪኮ። እያንዳንዱ ጀርባው ላይ ስለተጻፈው አገር ተጫዋቾች ተናገረ። አሕመድ ተራው ሲደርስ፣ "የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ልጆች ናቸው" አለ፤ "ጓንት ሲያጡ የወተት ካርቶን አጥፈው በእሱ ይቀልቡ ነበር። ዛሬ ዓለም ያጨበጭብላቸዋል።" ገበያ የመጡት እናቶች እልል አሉ። ሼህ ይማም፣ የአገሩ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘረጉ። "በሩቅ ያሉትን ልጆቻችንን አላህ ይጠብቅልን።" ሜዳው በሙሉ አሚን አለ። ልስቅ የመጣሁት ሰውዬ እኔም አሚን አልኩ።

6፡10፣ የመጨረሻው ዙር

እኩል ናቸው፣ ስድስት ለስድስት። አሕመድ ሦስተኛው ጆንያ ላይ ነው፤ ከተነሳበት ከደረሰ መርሳ አሸነፈች። ኳሱ ተመታ፣ አሕመድ ተፈተለከ፣ ዳዊት ኳሱን ይዞ ገጠመው። አቧራው ሁለቱንም ዋጣቸው።

"ነክቼዋለሁ!" አለ ዳዊት። "ደርሷል!" አለ ሜዳው። ዳኛው አላየም፤ ለመርሳ ሊፈርድ እጁን ሲያነሳ ተማሪዎቹ ከበቡት። ክርክሩ ሲጋጋል፣ "ሽማግሌ ይጠየቅ" ተባለና ሁሉም ወደ ሼህ ይማም ሄደ።

"ጨዋታውን አላውቀውም" አሉ ሼሁ። "ልጁን ግን አውቀዋለሁ። አሕመድ፣ ነክቶሃል?"

አሕመድ ጋሽ ሰይድን አያቸው። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

"ነክቶኛል፣ አባቴ። ክንዴን።"

ዳኛው አሕመድ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ። በተጨመረው ዙር ወልድያ አንድ ነጥብ አግኝታ አሸነፈች። ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቆዩ። ሲነሱ በቀጥታ አሕመድ ጋ ሄደው ግንባሩን ሳሙት።

"ዱላ መያዝ እኔ አስተማርኩህ" አሉት። "ይኼን ግን እናትህ ናት ያስተማረችህ።" ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ያጡትን ነገር አውቃለሁና እኔም አለቀስኩ፤ ግን በዚያ ልጅ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ከቀኑ 10፡00፣ ወደ ወልድያ

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን የለም። ጭፈራ የጠበቀው ሾፌር ግራ ገብቶት በመስታወቱ ያየናል። ኬላው ላይ ፖሊሱ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ዱላዎቹን አየና ፈገግ አለ።

"እህ፣ ማን አሸነፈ?"

ዳዊት ጓደኞቹን አየ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞረ።

"መርሳ" አለ።

ያረመው ሰው አልነበረም።