በጆንያ የተሰፉት ጀሪካኖች

የዚያን ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ያየ ሰው ሙቀቱን አይረሳውም። ክረምቱ ቶሎ ወጣና መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ነፋሱ ከሱዳን በኩል ሲመጣ ፍም የታቀፈ ይመስል ነበር። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለው፤ ቀኑ ካለፈ አፉን ከፍቶ ፍሬውን ለምድር ይበትናል። የገንዳ ውሃ ከተማ ሰው ሁሉ ሩጫ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ውሃ ያለው ጌታ፣ የውሃ መያዣ ያለውም የጌታ ጎረቤት ነው።

ዋሲላ ከከተማው ዳር፣ የካላዛር በሽታ በሚጠናበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ትሠራ ነበር። ማጽዳቱም፣ መጋዘኑን መቆለፉም፣ ያለቀውን ማስወገዱም የእሷ ነው። ባሏን የነጠቃት ይኸው በሽታ ነውና ቤቱን እንደ ዓይኗ ትጠብቀው ነበር። ጓንት ሳታጠልቅ ጨርቅ አትነካም፤ በሩን ሳትቆልፍ አትሰግድም። ሰፈሩ "የመርዝ እመቤት" እያለ ይስቅባት ነበር።

በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ የሚገደልበት የመርዝ ጀሪካን ባዶ ሲሆን ታጥቦ፣ በወስፌ ተበሳስቶ ጉድጓድ ይገባል። ለምን ይበሳል ቢሉ፣ በእኛ ቆላ ጀሪካን አይጣልማ! ካልተበሳ ውሎ ሳያድር ውሃ ይቀዳበታል።

ያን ዕለት አንዱን አጠበችና ጠብታው ይንጠፍ ብላ ከመጋዘኑ ጀርባ ደፋችው። ወስፌዋን ይዛ ስትመለስ ቦታው ባዶ ነው።

"ፈንቴ! እዚህ የደፋሁት ጀሪካን የታለ?"

ዘበኛው ፈንቴ ከጥላው ሳይነሣ፣ "ለጎጃሞቹ አጫጆች ሰጠሁት" አለ። "ጓደኛቸውን ሊያስመረምሩ መጥተው አልነበር? መያዣ አጠረን ብለው ለመኑኝ። ታጥቧል፤ በረሃ ለሚወርድ ሰው ጀሪካን ይከለከላል እንዴ እትዬ ዋሲላ?"

"ገደልሃቸው!"

"ኧረ በእመቤቴ!" ብሎ ተነሣ። "በሱዳን መንገድ ነው የወረዱ። ትራክተር ጫናቸው። ከእርሻው ደግሞ ስልክ አይሠራ!"

ዋሲላ የሰፈሯን ልጅ፣ የኸሊፋን ባጃጅ አስቁማ ገባች። ከአስፋልቱ ወርደው በትራክተሩ ጎማ ዱካ ጥርጊያውን ሲይዙ ባጃጇ እንደ ፍየል ትዘል ጀመር።

"ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ይቺ ባጃጅ ናት እንጂ አውሮፕላን አይደለችም" አለ ኸሊፋ።

"ንዳ ብቻ! ሰው ሊጠጣ ነው።"

ሲደርሱ አጫጆቹ ነዶ እያቆሙ ነበር። ከግራሩ ሥር ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ውሃው እንዲበርድ እርጥብ ጆንያ ተሰፍቶባቸዋል።

"ጠጥታችኋል?" ጮኸች ገና ሳትወርድ።

"ምኑን እናትዬ?" አለ የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው ቢሆነኝ፣ ማጭዱን ይዞ። "ይብረድ ብለን አኑረነዋል።"

"አልሐምዱሊላህ! ዛሬ ከእኛ ግቢ የወሰዳችሁት የመርዝ ነበር። የትኛው ነው?"

ተያዩ። ቢሆነኝ ራሱን አከከ። "ማን ይለየዋል? አንዱ እያፈሰሰ ቢያስቸግረን ከአንዱ ወደ አንዱ እያገላበጥን ነው ያመጣነው።"

እንግዲያ መርዙ ሁሉም ውስጥ አለ። ዋሲላ የፊተኛውን ጀሪካን በወስፌዋ ወጋችው፤ ውሃው ጆንያውን አልፎ ፈሰሰ።

"ሴትዮዋ ሳትጠጣ ሰከረች!" አለ አንዱ። የሳቀ ግን የለም።

ሁለተኛውን ስትወጋ ቢሆነኝ እጇን ጭብጥ አድርጎ ያዘው። "ፀሐዩን አያዩም? ውሃችንን ደፍተው በደህና የሚመለሱ መሰለዎ?"

"መርዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ቢታጠብም ስንቱ እንደቀረ እኔም አላውቅም። ኸሊፋ ሄዶ ውሃ ያምጣ፤ እኔ መያዣ ሆኜ እቀመጣለሁ። ካልመጣ እንደ ፈቀዳችሁ አድርጉኝ።"

ቢሆነኝ ዓይኗን አይቶ እጇን ለቀቀ። ዋሲላ የቀሩትን ሁሉ ወጋች። መሬቱ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ኸሊፋ ባጃጇን አስነሥቶ ሄደ። የደረሰው ሰሊጥ ጧ እያለ ሲከፈት ይሰማል። አንዱ ከንፈሩን ላርጥብ ብሎ እጁን ወደ ጆንያው ቢልክ ዋሲላ በጥፊ መለሰችው። ሰውየው ዘሎ ተነሣ፤ ቢሆነኝ በመካከል ገባ። የእሷም ምላስ ከላንቃዋ ተጣብቋል። መንገዱን እያየች በልቧ ዱዓ ታደርጋለች፤ ባጃጇ ብትሰበርስ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቧራ ተነሣ። ፈንቴ ጀሪካን በጭኑ፣ ጀሪካን በደረቱ ታቅፎ ከኸሊፋ ኋላ ተቀምጧል።

ሰው ሁሉ ሲግተለተል ቢሆነኝ፣ "ቆይ!" አለ። የመጀመሪያውን ጣሳ ቀድቶ ለዋሲላ ሰጣት። "እርስዎ ይቅመሱልን፤ ከዚያ እኛ።" ጥርጣሬ ይሁን አክብሮት አልለየችውም። ጨለጠችው።

ከዚያ ወዲህ ወስፌዋ ከወገቧ ተለይታ አታውቅም። ኋላ ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ አላስኬድ ሲል ቤተ ሙከራው ተዘጋ፤ ዕቃው ወደ ጎንደር ተጫነ። እሷ አልተከተለችም። በመጨረሻ እንደ ተሰማው ዋሲላ ገለጉ በምትባለው ከተማ፣ ከልጇ ከሩፊዳ ቤት ናት።