ዥዋዥዌውን ግራሶ የቀባሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለችው አሮጌ የልጆች መናፈሻችን ውስጥ፣ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኖ፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ከበውኝ ቆሜ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ...

መናፈሻዋን የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ያውቃታል። አራት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ በእጅ እየተገፉ የሚዞሩ አምስት የብረት ፈረሶች። አንደኛው ፈረስ ጭንቅላት የለውም። እኛ ስንጫወትም አልነበረውም።

ቀበሌው «መናፈሻዋ ትታደሳለች፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰብሰብ» ብሎ ኮሚቴ ሲያቋቁም የፌስቡኩን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ገጽ ከፈትኩ። አቤት የመጣው አስተያየት... በልጅነቱ እዚያ የተጫወተ ሁሉ ካለበት ከተማ ነቅሎ ወጣ። አንዱ «ፈረሶቹ ቀይ ይቀቡ» ሲል ሌላው «ድሮ ሰማያዊ ነበሩ፣ ታሪክ አታጥፉ» ይላል። አንዷ ጁስ ቤት አማራት። ጭንቅላት ስለሌለው ፈረስ ብቻ ሁለት ቀን ተከራከርን፤ ግማሹ ይቀጠልለት፣ ግማሹ እንዳትነኩት ባይ ነው። መግቢያ ይከፈል ያለውን ሰውዬ «ኪራይ ሰብሳቢ» ብለው አባረሩት።

ሁሉም የተስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዥዋዥዌው ጩኸት። ሲጢጥ... ሲጢጥ... በጅማ ዝናብ የዛገ ብረት ነው፣ አላፊ አግዳሚውን ያማርራል። «ኧረ ቢያንስ ዘይት አድርጉለት» የማይል አልነበረም። እኔ ደግሞ አጉል ትጋት አለብኝ። በጀት እስኪመጣ ምን አስጠበቀኝ ብዬ ከአጎቴ ልጅ ጋራዥ አንድ ጣሳ ግራሶ ይዤ ሄድኩ።

ጥበቃው አባ ፊጣ ናቸው፤ እኛንም በልጅነታችን ከፈረሶቹ ላይ እየጎተቱ ያወርዱን የነበሩ ሽማግሌ። የመጣሁበትን ሳልነግራቸው፣ ገና ሰላምታ ላይ እያለን፣ «ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እንኳን መጣህ። ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ልጆቹን እያቸው» ብለውኝ ወጡ።

መሰላል ላይ ወጥቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ዥዋዥዌ ቀባሁት... ጸጥ አለ። ሁለተኛውን... ጸጥ። ሦስተኛውንም። አራተኛው ላይ ሂክማ የምትባል፣ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች። እሷን አውርጄ ቀባሁና መልሼ አስቀመጥኳት። ስገፋት ድምፅ የሚባል የለም። ኩራቴ አይጣል ነው። እንዲያውም ለገጻችን በስልኬ ልቀርጸው ነበር።

ይሄኔ ከመናፈሻው ጀርባ ያለው የቡና መጋዘን የብረት በር ጓ ብሎ ተከፈተ። ሴቶች እየሮጡ መጡ... ከነሽርጣቸው፣ ፊታቸው የቡና ገለባ አቧራ እንደለበሰ። እዚያ ቁጭ ብለው መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ሲለቅሙ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ከፊት ያለችው አንድ እግሯ ጫማ የለውም።

«ሂክማ... ሂክማ ኤሳ ጂርቲ? ልጄ የት አለች?»

ሂክማ ዥዋዥዌው ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላት። እናትየው እዚያው ሣሩ ላይ ዘጭ አለች። «አልሃምዱሊላህ...» አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ዘሃራ ነው ስሟ። ትንፋሿ ሲመለስ ነገረችኝ። መጋዘኑ በመናፈሻው በኩል መስኮት የለውም። ልጆቻቸውን የሚተዉበት ስለሌላቸው እዚህ ይለቋቸዋል። በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ደግሞ ከወደቀ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ከሰቃ ወረዳ ቡና ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ሁሉ እዚያው ጥግ ላይ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ እጃቸው ቡናው ላይ፣ ጆሯቸው ዥዋዥዌው ላይ ነው የሚውለው።

«የአራቱም ድምፅ ይለያያል» አለችኝ። «የሂክማ ረዘም ያለው ነው፣ ከሱ ሌላ አትወጣም። መጀመሪያ አንዱ ጠፋ፣ ወርደው ነው አልን። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛው ሲጠፋ ተያየን። የሷ ሲጠፋ... ወላሂ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።»

«እኔ እኮ... እንዲሻሻል ብዬ ነው» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አፈርኩ።

አባ ፊጣ ተመለሱ። ጣሳውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጉርባ፣ ምነው ሳትጠይቀኝ? እኔ በስም ነው ዘበኛ። ዋናው ዘበኛ እሱ ነበር» አሉ ወደ ዥዋዥዌው እየጠቆሙ።

የመጋዘኑ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ «ያለፈቃድ የወጣች ወደ ቤቷ» እያለ ነው። ሮጬ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለመንኩት። እስከ ክርኔ የደረሰውን ግራሶ አይቶ መሰለኝ፣ ሳቁ መጣና ግቡ አላቸው።

ዘሃራ ግን እግሯ አልሄድ አላት። «ግቢ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

«አንተን በምን እሰማሃለሁ?» አለችኝ።

ጣሳውን ገልብጬ በድንጋይ መታሁት። ቋ... ቋ... ራሷን ነቀነቀችና ገባች። እናም ያን ቀን አባ ፊጣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘው ግራሶውን ሲጠርጉ፣ እኔ፣ የኮሚቴው የማኅበራዊ ሚዲያ ኃላፊ፣ ሂክማን በአንድ እጄ እየገፋሁ በሌላው ጣሳ ስመታ ዋልኩ። የሚያልፈው ሁሉ ባጃጅ እያቆመ አየኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የሂክማ ዥዋዥዌ አንዴ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ደገመው። ከመጋዘኑ ውስጥ እልልታ ተሰማ። እኔም ዕንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰኞ ለኮሚቴው ስብሰባ ያን ሁሉ አስተያየት አንብቤ ስጨርስ፣ ፌስቡክ የሌላትን የዘሃራን ጨመርኩ፦ «አጥሩን ሥሩልን፣ ዥዋዥዌውን አትንኩብን።» ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ያን ያህል የዛገ ነገር ለምን እንተወዋለን?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኩት።