ብርጭቆዬን እስኪመልሱልኝ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሻይ ሸጦ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ብርጭቆ እግር አለው። ሱቁ ድረስ ወስደሽለት «ቆይቼ እልክልሻለሁ» ያለሽ ሰው፣ በዚያው እልም ይላል ብርጭቆሽ። ስለዚህ እኛ ሻይ ሻጮች ቢሮም ይሁን ሱቅ ሻይ ካደረስን ደንበኛው ጠጥቶ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ማንም «ምን ትሠሪያለሽ?» አይለንም። እንደ በሩ መቃን ነው የሚያዩን።

እኔ ያኔ የምሸጠው ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ሥር ነበር። ፊደል የለየሁትም እዚያው በገመድ በተጠለፈች በርጩማዬ ላይ ነው፤ የአማርኛውን መንገደኛ ልጆች ጥለውልኝ ከሄዱት መጽሐፍ፣ የዐረብኛውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ።

ከደንበኞቼ አንዷ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የመጣች ተማሪ ነበረች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚያው ካምፕ ተወልዳ ያደገች፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ነጠላ እንደ ሱዳን ልጅ የምትጠመጥም። ሰው ካለ በዐረብኛ ብቻ ነው የምታዋራኝ። ሰው ሲርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፣ «ኻልቲ፣ ዝንጅብሉን አብዢልኝ» ትለኛለች። ሻይ ሻጭን ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የማይል ተማሪ የለም፤ በአማርኛ ዝንጅብል የሚጠይቀኝ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ከአገሬ ወጥቼ በቀረሁበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ቋንቋዬን የምሰማው በዝንጅብል ሰበብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ረቡዕ መጥታ ተቀመጠች። ሻይዋን ታማስላለች፣ አትጠጣም።

«ምነው ልጄ?»

«ኡስታዙ ጠርቶኛል።»

«አስተማሪ ተማሪውን ቢጠራ ምን አለው?»

«ነገ፣ ሐሙስ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ብቻሽን ነይ አለኝ። የፈተና ወረቀትሽ ችግር አለበት፣ እናስተካክለዋለን አለኝ።» ማንኪያውን አስቀምጣ፣ «ባለፈው እጄን ያዘኝ፣ ኻልቲ። መንጭቄ አስለቀቅሁት። ወረቀቴ ችግር የመጣበት ከዚያ ወዲህ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ያ ግቢ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዓርብ ዕረፍት ነውና ተማሪው በየአውቶቡሱ ወደ ቤቱ ይበተናል፤ የአስተማሪዎቹ ፎቅ ላይ ድመት እንኳ አይቀርም።

«ለአባትሽ ንገሪው» አልኋት።

«አባቴ ቢሰማ የሚመጣው እኔን ሊወስድ ነው። በዚያው ቀን ልብሴን ጠቅልሎ ኡም ጋርጉር ይመልሰኛል፤ ትምህርቴም በዚያው ያበቃል። ለዩኒቨርሲቲው ብከስም ወሬው ካምፕ ለመድረስ አንድ አውቶቡስ ይበቃዋል። ባልሄድ ደግሞ ይጥለኛል። ማንም እንዳይሰማ፣ ኻልቲ። ማይልኝ።»

ማልሁላት። ከዚያ፣ «ሂጂ፤ ሻይ አዝዘሻል» አልኋት።

«ኧረ አላዘዝሁም!»

«አዝዘሻል አልሁሽ!»

በማግስቱ ሁለት ብርጭቆ በትሪ ይዤ ስገባ ዘበኛው፣ «ዛሬ ማን አለና ነው ሻይ?» አለኝ። «ኡስታዙ» አልሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ፈገግ አለ።

በሩ ገርበብ ማለት እንኳ የለም፣ ዝግ ነው። ደግነቱ አልተቆለፈም። በክርኔ ገፋሁት። ልጅቷ ከግድግዳው ተጣብቃ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። እሱ በእሷና በበሩ መካከል ነው።

«ማን አዘዘሽ?»

«የታዘዘ ሻይ ነው፣ ኡስታዝ።»

«አስቀምጪና ሂጂ።»

አስቀመጥሁ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደፉ ላይ ቁጢጥ አልሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ብርጭቆዬን።»

«እልክልሻለሁ እኮ!»

«ሁሉም እንዲህ ይላል፣ ኡስታዝ። ብርጭቆ ያስጨረሰኝ ይኸው ቃል ነው።»

ቶቤን ሰብስቤ ተመቻቸሁ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ያን ሻይ አንስቶ ጭልጥ ቢያደርገው ኖሮ የምለው አልነበረኝም። ባዶውን ብርጭቆ ይዤ መሄድ ነው። እሱ ግን ተናድዶ ዘወር ብሎም አላየው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀት አገላበጠ፣ ተነሣ። ሻዩ በረደ። የናዕናዕ ቅጠሉ ወደ ታች ሰመጠ።

በመጨረሻ፣ «ወረቀትሽ ሌላ ቀን ይታያል። ሂጂ» አላት። በአጠገቤ ስታልፍ የቶቧ ጫፍ ፊቴን ዳሰሰኝ። ከዚያ ገብቼ ሁለቱንም ብርጭቆ እንደሞሉ አነሣሁ።

ሰውየው ለብቻዋ ዳግመኛ አልጠራትም። በእሱ ትምህርት ጣላት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ አስተማሪ ዘንድ ተፈትና አለፈች። ይህን የሰማሁት ግን ከሰው ነው፤ ከእሷ አይደለም።

የዘበኛው ፈገግታ እኔ ከመድረሴ በፊት ከኒሙ ሥር ደርሶ ኖሯል። አጠገቤ የምትሸጠው የካሰላ ሴት፣ «አንቺ! ሐሙስ ሐሙስ ለኡስታዝ በሁለት ብርጭቆ ነው አሉ። ሰርጉ መቼ ነው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሰንበትበት ሲል ሳቁ ቀረ። ሴትየዋ በርጩማዋን ራቅ አደረገች። ወንዶቹ ሂሳብ ሲከፍሉ እጄን ይዘው ያቆዩ ጀመር። ተማሪዋም መምጣት ተወች። አልፈረድሁባትም፤ እኔ ዘንድ ብትቀመጥ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ የማን እንደነበር አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም። በሩ ላይ ስታልፍ ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች፤ እኔም የበራዴን ክዳን አነሣለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ።

አንዲት ቃል ብናገር ስሜ ከሐሜት ይነጻ ነበር። ቃሏ ግን የእኔ አልነበረችም።

አንድ ጠዋት ዘበኛው መጥቶ፣ «ከዚህ ተነሺ ተብለሻል» አለኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ዕቃዬን ጭኜ ወደ ዶካ ከተማ ወረድሁ፣ አውቶቡሶቹና የጭነት መኪኖቹ የሚቆሙበት ዳር ተቀመጥሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም፤ መንገደኛ ጠጥቶ ይሄዳል።

ዓመታት አልፈው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ወደ ፋሽጋ የሚወርድ አንድ ሽበታም ሰው አውቶቡሱ እስኪነሣ አጠገቤ ተቀመጠ። ያገር ሰው መሆኔን ሲያውቅ ፊቱ በራ።

«ከዚህ በፊት የት ነበርሽ፣ እኅቴ?»

«ገዳሪፍ፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ።»

«አትይኝም! ልጄ እኮ እዚያ ነው የተማረችው። ከኡም ጋርጉር ተነሥታ! አሁን አስተማሪ ናት። ረዘም ያለች፣ ዝንጅብል የምትወድ። ታውቂያት ይሆን?»

ከሰሉን አራገብሁ።

«ስንቱ ተማሪ ያልፋል፣ ጋሼ። አላውቃትም።»

«አይ፣ ልክ ነሽ። እሷስ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሻይ የምትጠጣ ልጅ አይደለችም።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልሁት።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰውየው የቀረችውን ሻይ ጨልጦ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ይኸው፣ ሰው ይዞብሽ እንዳይሄድ» አለኝ እየሳቀ።

ተቀበልሁት። አውቶቡሱ በአቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ሳላጥበው ይዤው ቆየሁ።