የአሥራ አራተኛው አልጋ አንሶላ

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ አጠበች። እጆቿ በበረኪና ብዛት ነጥተው፣ የጣቶቿ ጫፎች ሁልጊዜ ተሸብሽበው ነበር። «እኔ ስሞት ገላዬን አታጥቡ፤ ከበቂ በላይ ታጥቤአለሁ» እያለች ታስቀን ነበር። ያንን ሳቋን ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። ከትኩሳቱ ዓመት ወዲህ ብዙ አልሰማሁትምና።

እጥበት ክፍሉ በሆስፒታሉ ጓሮ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስት በርሜሎች ከጧት ጀምረው ይፈላሉ፤ እንፋሎቱ ጣሪያውን ነክቶ መልሶ በሴቶቹ አንገት ላይ ይንጠባጠባል። በእያንዳንዱ አንሶላ ጥግ የአልጋው ቁጥር በቀይ ክር ተጠልፎበታል። አጣቢዎቹ በሽተኞቹን አያዩአቸውም፤ የሚያውቋቸው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው። አክስቴ አንሶላውን የፈላው ውሃ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዘጠኝን አስብ። ጌታ ሆይ፣ ሃያ ሦስትን አስብ» ትላለች።

የክፍሉ አለቃ፣ ወፍራምና ተረበኛ ሴትዮ፣ «ጌታን ቁጥር ልታስተምሪው ነው እንዴ?» ትላት ነበር።

አንድ የቆየ ደንብ ነበራቸው። ሰው የሞተበት አንሶላ ጥጉ ተቋጥሮ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ እንዲቀቀል ነው። አክስቴ ቋጠሮውን ስታይ ልመናዋን ትታ «ነፍስ ይማር» ትላለች። ቋጠሮ ከሌለ በሽተኛው አለ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቋጠሮው ዋሽቷት አያውቅም።

ከዚያ የትኩሳቱ ዓመት መጣ። የሆስፒታሉ በር ተዘጋ፤ ጠያቂ መግባት ተከለከለ። የሞቱትን ስም በር ላይ የሚለጥፈው መዝጋቢ ራሱ ታሞ ተኛ፤ የሚተካው ሰውም አልተገኘም። አባቴን በአንድ ሰኞ ቀን በቃሬዛ አስገቡት። ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ «አሥራ አራት ቁጥር ነው» ብሎ ነገረን። ከዚያ በኋላ የሚነግረን አልነበረም፤ ከአክስቴ በቀር።

በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ በእኛ በኩል ታልፋለች። በሽታ እንዳታስገባብን ደጃፉን አትረግጥም፤ ከመንገዱ ላይ ሆና ትጣራለች።

«እቴ! አንሶላው መጥቷል። ቋጠሮ የለውም!»

እናቴ ከሠርጓ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የማታውቅ ሴት ነበረች። ጸሎት የሥራ ፈት ነገር ነው ባይ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ግን፣ «እትዬ፣ እስቲ እንዴት እንደሚሉት ያስተምሩኝ» አለቻት። አክስቴ ከመንገድ፣ እናቴ ከመስኮት ሆነው አብረው ጸለዩ። በአሥረኛው ቀን እናቴ ያለ ማንም አስታዋሽ ስትንበረከክ አየኋት። በአሥራ አምስተኛው የአባቴን ኮት አውጥታ ተኮሰች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አክስቴ አሥራ አራትን ከክምሩ መዛ አውጥታ፣ እንደ ልጅ እቅፍ አደረገችው። «ተመስገን! ወንድሜ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኑ። አንሶላው ላይ ጠብታ ደም እንኳን የለም» አለች።

ከየክፍሉ አንሶላ የሚያመጣው ጋሪ ገፊ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ሳቁ አመለጠው።

«አሥራ ሰባት? እናት ዓለም፣ እዚያ አልጋ ላይ አራት ቀን የከረመ ሰው አላየሁም! የዛሬው ስድስተኛው ሰው ነው።»

«ዝም በል አንተ!» አለች አለቃዋ። እሷም ግን ፊቷን በሽርጧ ሸፍና በሳቅ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ቋጠሮውስ?» አለች አክስቴ።

«ቋጠሮ ከቀረ ወር ሊሞላው ነው! ሁሉንም ሁለት ጊዜ ቀቅሉ ተባለ አይደል? ማን ቁጭ ብሎ ሲቋጥር ይውላል? አንቺ ስትጸልዪ የከረምሽው ለአልጋው ነው።» ጭሱን ለቀቀ። «አልጋው ደህና ነው፤ አንድ እግሩ ብቻ ትንሽ ይነቃነቃል።»

ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ኖሯል። ቋጠሮው ይቅር የተባለው አክስቴ ባልገባችበት ቀን ነው፤ እሷ ሁሉም ሁለት ጊዜ ሲቀቀል ለጥንቃቄ፣ ቋጠሮ ሲጠፋም ጸሎቷ የተሰማ መስሏት ነበር። መጀመሪያ የሚነግራት ጠፋ፤ ኋላ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ሆነላቸው። አባቴ የሞተው በገባ በሁለተኛው ቀን ነበር።

በዚያ ቀን ደጃችንን ረግጣ ገባች። እናቴ ገና ስታያት ገባት። ሁሉንም እስክትነግራት ድረስ አላለቀሰችም፤ ከዚያ በኋላም አላለቀሰችም። አንቱታዋን ግን ያን ዕለት ጣለችው።

«አሥራ ሁለት ቀን ስለ ሬሳ አስለመንሽኝ» አለቻት። «አንበረከክሽኝ። በልጆቼ ፊት አንበረከክሽኝ! በይ አምላክሽን ይዘሽ ከቤቴ ውጪ።»

አክስቴ ሦስት ቀን አልጸለየችም። በአራተኛው ቀን ያለችውን ካደግሁ በኋላ ነገረችኝ። «ለጌታ እንዲህ አልኩት፤ አንተ ታውቅ ነበር። እንደ ጋሪ ገፊው በየቀኑ ዝም ብለህ ሰማኸኝ።» መልስ መጥቶልሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «የለም» አለችኝ፤ «ግን ከእሱ ሌላ የምጣላው አልነበረኝም።»

ወደ ሥራዋ ስትመለስ ቁጥር መጥራት ተወች። ጋሪ ገፊውን፣ «አሥራ አራት ላይ ያለው ሰው ስሙ ማነው?» አለችው። እሱም የውሻውን ስም ሰጣት። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ስም ስትጸልይ እጥበት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስታውቅ፣ «ውሻህንም ጌታ ያስበው፤ አሁን የሰውየውን ንገረኝ» አለችው። ያን ጊዜ እውነተኛውን ስም ነገራት። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ያለውንም የሞተውንም እየጠየቀች፣ ከሥራ እስክትወጣ ሳትቆይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ላይ ለሚጠብቁት ዘመዶች ታደርስ ጀመር። ምስጋና አላገኘችም። ሰዎቹ ነጩን ሽርጧን ከሩቅ ሲያዩ ይበታተኑ ነበር፤ ስሟንም «መርዶ» አሏት።

አንድ ቀን እናቴ ሳታየኝ ሄጄ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት። የምግብ ሳህን በጨርቅ የቋጠረች ሴት ዘንድ ሄዳ ቆመች። አክስቴ በቀስታ የነገረቻትን አልሰማሁም፤ ጥፊውን ግን ሰማሁትና ቀረብ አልኩ።

«ትናንት አለ ብለሽኝ አልነበረም?» ጮኸች ሴትዮዋ።

«ትናንት ነበር፣ እህቴ።»

«እጸልይለታለሁ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ጸልያለሁ። እንዲያድነው ለመንኩት።»

«አላዳነውም!»

«አዎ። አላዳነውም።»

ሴትዮዋ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አክስቴ ቀስ ብላ ኮረቱ ላይ ተንበረከከች፤ የሟቹን ስም ጮክ ብላ ጠርታ መጸለይ ጀመረች። ሴትዮዋ ሳህኗን ታቅፋ አጠገቧ ቆመች፤ አልተንበረከከችም፣ አልሄደችምም። ዘበኛው በዱላው የብረቱን በር እየደበደበ፣ «ተነሺ አንቺ! መተላለፊያውን ልቀቂ!» ይል ነበር።