ለእርቅ ቀን የገዛኋት ትንሽ መብራት

ወሬው የደረሰኝ ከሥራ ወጥቼ የታጠበ ጋዋኔን ከገመድ ላይ ስሰበስብ ነው። ወንድሜ ሳሙኤል ከጉለሌ ደውሎ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «እትዬ ዘነበች ልትቆርብ ነው» አለኝ። እትዬ ዘነበች የእናቴ ታናሽ እህት ናት። የንስሐ አባቷ ግን አስቀድመሽ ከእህትሽ ታረቂ ብለዋታል። ሁለቱ ቀጨኔ ውስጥ በአንድ ቁልቁለት ላይና ታች እየኖሩ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱን አልጽፈውም፤ ሽማግሌዎች ቀብረውታል። «ተመስገን» አልኩና ፈቃድ ልጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤት ተመለስኩ።

የምሠራው ከቤት ርቄ ጂንካ ነው፤ አዋላጅ ነኝ። ያገለገለች ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ አለችኝ። እህትማማቾቹ አብረው የሚታዩበት ምስል በቤታችን ስለሌለ፣ ይህን ቀን ቀርጬ ላስቀር ፈለግሁ። ካሜራዋ ግን በደብዛዛ ቤት ውስጥ የሰው ፊት አታሳይም፤ የእማዬ ቤት ደግሞ በክረምት በቀትርም ጨለማ ነው። ስለዚህ ካሜራዋ አናት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ መብራት ልገዛ አስቤ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ቀይ አፈር ሲደርስ ፀሐይዋ ወጣች። ፍልሰታ ነበርና ኮንሶ ላይ ሌሎቹ ለምሳ ሲወርዱ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሽሮዬን የበላሁት አርባ ምንጭ ገብተን፣ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳልጠይቃት «በዘይት ነው፣ አትጠራጠሪ» አለችኝ።

በማግስቱ ሶዶን ስናልፍ ዝናብ ያዘን። ካሜራዋን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ ነበርና አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አያለቅስም፣ ተባርኮ» አሉኝ። ገልጬ ባሳያቸው እንባ እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሙዝም ለማታ ብለው ሰጡኝ።

መርካቶ

ማታ አዲስ አበባ ገብቼ አደርኩ፤ ጠዋት ከኪዳን መልስ መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። መጀመሪያ የእንጀራ ትሪ የሚያህል መብራት አውጥቶ «ለሠርግ ነው?» አለኝ።

«ለእርቅ ነው።»

ትንሽ አሰበና «ለእርቅማ ይኼ አይሆንም እህቴ፤ የፖሊስ ምርመራ ያስመስለዋል» አለ።

ትንንሾቹን ደረደረልኝ። አንዷ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ናት፤ ድንጋዩ ጂንካም ይገኛል፣ ግን ካሜራዬ ላይ ስጭናት ከብዳ ወደፊት ደፋቻት። ሌላዋ ቀላል ናት፤ ብርሃኗ ግን ነጭ ብቻ። ነጠላዬን ብዘረጋላት ጨርቁ ሰማያዊ፣ እጄ አመድ መሰለ። የመጨረሻዋ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች፤ ከጎኗ ባለች ትንሽ መዘውር ብርሃኗ ይቀነሳል፣ ይጨመራል፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ሻማ ዓይነት ይዞራል። በእሷ ፊት እጄ የሰው እጅ ሆነ። ሱቁ ጓዳ ድረስ ገብቼ ባለሱቁን ቀርጬ አየሁት፤ መልኩን ሲያይ ደስ አለው። ትቆያለች ወይ ብዬ ስጠይቀው «ቀንሰሽ ከያዝሻት ሽማግሌዎቹ ይደክማሉ እንጂ እሷ አትደክምም» አለኝ። ከሁለቱ ትወደድ ነበር፤ ጥቂት አስቀነስኩና ገዛኋት።

ቀጨኔ

ታክሲው ከጣለኝ ቦታ ቁልቁለቱን በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጀበናቸውን በላስቲክ ሸፍነዋል፤ እንጦጦ በጉም ጠፍቷል። ቤት ስደርስ ካህኑና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ዘመድና ጎረቤት በሩ አጠገብ ተደርድሯል፤ እማዬ ከጥጉ ወንበር ላይ እጆቿን አቆላልፋ ወለል ወለሉን ታያለች። ሥርዓቱ እንደሆነ ሽማግሌ ሳይናገር፣ ካህን ሳይባርክ፣ የተጣሉት አንዱ ለሌላው ቃል አይሰጥም።

በሩ ሲከፈት እኔ ሞኟ መብራቷን በሙሉ ኃይሏ ለቀቅኋት፤ እትዬ ዘነበች ፊት ላይ። ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና «ጋዜጠኛ ጠርታችኋል እንዴ? እኔ ልታይ አልመጣሁም» ብላ ወደ ዝናቡ ዞረች። አንድ እግሯ ከቤት ወጥቷል። ሳሙኤል በዓይኑ በላኝ። መብራቷን በመዳፌ ስሸፍን፣ በድንጋጤ ካሜራዋንም አጠፋኋት።

ያኔ ከጥጉ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«የእኔዋ ልጅ ናት እኮ። ግቢ፣ ዝናብ ይምታሽ እንዴ?»

እትዬ ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች፣ አንድ ነገር ተናገረች፣ ገባች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ያለችውን አልሰማሁም። ካህኑ መስቀላቸውን እያወጡ «በሉ እንግዲህ፣ ሥራችንን ቀሙን» አሉና ቤቱ ሳቀ።

ካሜራዋን መልሼ ከፈትኩ፤ መብራቷን ቀነስኩና ፊቷን ወደ አቡጀዲው ኮርኒስ አዞርኳት። ብርሃኑ ከነጩ ጨርቅ ተመልሶ ሁሉም ላይ በለስላሳው ወረደ፤ ማንም መብራት መኖሩን ረሳ። እትዬ ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ፣ እማዬ በክንዷ ስታነሣት፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ ሁሉም ተቀርጿል። የመጀመሪያዎቹ ቃላት ብቻ የሉም።

በፍልሰታ ፍቺ እትዬ ዘነበች ቆረበች። እማዬ ጫማዋን ይዛላት ደጀ ሰላሙ ጋ ቆማ ነበር። እዚያ ካሜራ አላወጣሁም።

ጂንካ

በሰላም ገብቻለሁ፤ ስሙ ይመስገን። መብራት የምትገዙ ብትኖሩ፣ የምትቀነሰውን ምረጡ፤ የሰው መልክ ላይ ሞክሯት፤ እንግዳ ሳይመጣ ወዴት እንደምታዞሯት እወቁ። ይህን የተማርኩት እትዬን ላሳጣን ደርሼ ነው። እግዚአብሔር ግን ጥፋቴን ለእማዬ መናገሪያ አደረገላት።

ትናንት እማዬ ደወለችልኝ። እህቷ በየቀኑ እንደምትመጣ ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደጃፉ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ቃሉን ግን ዝናቡ ወሰደብኝ። አሁን ምን ብዬ ልጠይቃት? አፍራለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ በዚያ ቀን በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ፣ እትዬ ዘነበች ስትገባ ያለችውን የሰማችሁ ካላችሁ፣ ለእኔ አትጻፉልኝ። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ እማዬ ጆሮ ሥር ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ።