የእትዬ አስካለ ስም ሳጥን ሲሆን

ዛሬ ጠዋት ፌርፋክስ ከተማ ባለችው ማተሚያ ቤቴ የእትዬ አስካለን የቀብር ፕሮግራም ፕሪንት ላደርግ ስል፣ ስማቸው በባዶ ሳጥኖች ተተካ።

ልጃቸው ሠናይት ጥቁር ለብሳ አጠገቤ ቆማለች። ፍትሐቱ ሊጀመር ነው።

"እማዬን ያለ ስሟ ነው የምሸኛት?" አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ለካ ፎንቶቹን፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጾች፣ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ትናንት አፕዴት ሲያደርግ የአማርኛውን ፎንት አሮጌ ኮፒም አብሮ ከፍቶት፣ አሮጌውና አዲሱ ገጽ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ውስጥ ተጋጭተዋል። (አፕዴት ማለት ማሻሻል ነው ያለው ማነው?)

አሮጌውን አጥፍቼ ማቀናበሪያውን እንደገና ስከፍት ፊደሎቹ ተመለሱ።

ሠናይት የእናቷን ስም ስክሪኑ ላይ በጣቷ ዳሰሰችና አለቀሰች። እኔም እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። የታተሙትን ወረቀቶች እንደሞቁ ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች።

እናንተንስ ኮምፒውተር በማይሆን ሰዓት ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? እንዴት ተወጣችሁት?